የድንች ዕረፍት

ሰኔ ላይ፣ ልጆቹ ቦርሳ እያወዛወዙ ሲበተኑ፣
የሚመጣውን ዓመት የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ወሩን ከነቀኑ።
በብሌርጋውሪ፣ ከስኮትላንድ ተራሮች ሥር፣ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የማኅተም፣ የወረቀት ኑሮ።
ነሐሴ እኩሌታ ይከፈታል፤ ታኅሣሥ ለገና ይዘጋል፤
ጥቅምት ላይ ሁለት ሳምንት ባዶ ነው፤ ለምን ብሎ ማን ይጠይቃል?

«የመጸው ዕረፍት» ነው በመንግሥት ወረቀት ስሙ፤
አባቴ ዱጋልድ ግን «የድንች» ይለዋል፣
ቃሉን ሲያነሣው ይነሣበታል የወገብ ሕመሙ።

በሱ ዘመን ልጅ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣
በትራክተር ተሳቢ እንደ ጆንያ ተጭኖ፣ በውርጭ ተኮራምቶ፣
ማሳ ላይ ይራገፋል። ለያንዳንዱ ሃያ ርምጃ መሬት ተለክቶ
ይሰጠዋል። ማሽኑ ድንቹን እየፈነቀለ ያልፋል፤
ልጁ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፤
ቀና ልበል ሲል ማሽኑ ዞሮ መጥቷል።
ማታ በመዳፉ ሳንቲም፣ በኪሱ አራት ድንች ይዞ
እናቱ ደጅ ይደርሳል፣ ጣቱ ደንዝዞ።
መምህራኑ ዕረፍቱን የፈቀዱት ወደው አልነበረም፤
ክፍሉ ባዶ ነበር፣ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም።

ዛሬ ለቃሚው ብረት ነው። ሥራው ስሙን ጥሎ
ሄደ፤ ዕረፍቱ ቀረ፣ እንደ ሟች ካፖርት ከበር ኋላ ተንጠልጥሎ።

ዘንድሮ፣ የዕረፍቱ መጀመሪያ ሰኞ፣ ልጄ ኦርላ
ቁርሷን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛውን ሞላችው፦
ኬሚስትሪ፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ።
አባቴ ከጓሮ ገባ፣ በጭቃ ጫማው፣ ከውሻው ጋራ፤
«ዕረፍት አይደል እንዴ?» አላት።
«ዕረፍት ነው» አለችው፣ ቀና ሳትል ከያዘችው ሥራ።
ቀና ሳይሉ መመለስን እሱ አሳምሮ ያውቀዋል።

ቦርሳዋን አንሥቶ ወጣ፤ ተከተልኩት፣ ምን እንደሚያደርግ ላይ፤
የጥንት የድንች ሚዛን ተሰቅሎ ቀርቷል ከጎተራው ወራጅ ላይ።
አንጠለጠለው። መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ዘጠኝ ኪሎ ብሎ ቆመ።
«ግማሽ ቅርጫት» አለ፤ ጥቂት ተከዘና ደገመ፦
«ቅርጫት ግን ትልሙ ሲያልቅ ይደፋል።
ይሄ፣ የት ነው የሚደፋው?»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ ሃዩል ናት፣ የወንድሜ ልጅ፣ ከኮሪያ፣
ከዴጉ፤ እዚያ ከምሽቱ አራት ሆኗል፣ የማስጠኛ ቤቶች መዝጊያ።
አውቶቡስ እየጠበቀች፣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ታኝካለች፤
«የኛ ዓመት የሚከፈተው የካቲት ሲያልቅ ነው» ትለዋለች፤
«ጥቅምት ላይ ዕረፍት የለም፣ የፈተና ወሬ እንጂ።»
ማስጠኛውን ከጡረታዋ ቆርሳ የምትከፍለው የእናቷ እናት ናት፣
«እኔ የተቀማሁትን አንቺ ውሰጂ»
እያለች፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከክፍል ወጥታ ሽመና ፋብሪካ የገባች።

«ታዲያ አንቺ ምን ትለቅሚያለሽ?» አላት አባቴ።
ሳቋ መንገድ ላይ ተቆራረጠ፦ «ነጥብ ነዋ፣ አያቴ!
አንድ ካመለጠኝ፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ ያነሣዋል።»
ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮው ሳያነሣው ቆይቷል።

ሐሙስ ማለዳ ሁለቱም ከቤት የሉም።
በመስኮት አየኋቸው፣ ከታችኛው ማሳ፣
ማሽኑ የሳተውን ቃርሚያ ሲያነሡ፤
ሁለት የጎበጠ ጀርባ፣ መሀላቸው አንድ ባልዲ፣
ውሻውም ከነሱ።
ማታ ወገቧን ይዛ እየሳቀች ገባች፤ እንቅልፍ ከነጫማዋ ጣላት፤
ኬሚስትሪው፣ ገጽ አርባ ሁለት፣ ነጭ እንደሆነ ቀረላት።

ትምህርት በተከፈተ ማግስት የመምህሯ ቅጽ ጠረጴዛዬ ደረሰ፦
«የቤት ሥራ አልተሠራም። ምክንያቱ በወላጅ ይሞላ» ይላል።
ብዕሬን አነሣሁ፤
«ድንች» ብዬ ጻፍኩበት፣
ማኅተሜን አሳምሬ መታሁ።