አንድ ሜትር ከሃምሳ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ወረድን ከአውቶብስ፤ ሃያ ስድስት ተማሪ፣ አራት ዶማ፣ በቃ።
ሽምብራው ከተነቀለ ገና ሳምንቱ ነው፤
ጥር ነው፤ ሰማዩ ራቁቱን ነው።
«በእርሳስ ነው የምትጽፉት» አሉን ዶክተር ስንዱ፣
«እስክሪብቶ ካፊያ አይችልም፤ የስንቱ ውጤት ታጥቦ ቀርቷል በመንገዱ።»

ቁመቱ ሁለት፣ ወርዱ አንድ፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ።
የማሳው ጌታ ኦቦ ነገዎ ዳር ቆመው አዩንና
«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉ። ሳቅን። ልኩ ግን የዚያው ነበርና
ሳቃችን ቶሎ አለቀ።

ገባሁ። እስከ አንገቴ ጥቁር።
ላዩ ተሰነጣጥቆ እጄን እስከ ክርኔ የሚውጥ፣
ታቹ ገና እርጥብ፣ እንደ በግ ጉበት የሚያበራ፣ የሚያዳልጥ።
የቀለም መጽሐፉን ገልጬ ጓሉን ከገጹ አስጠጋሁ፤
ስንት ዓይነት ጥቁር አለ! እኔ ሁለቱን ብቻ ለየሁ።
እፍኝ አፈር በምራቄ አርጥቤ አሸሁ፣
ጠቀለልኩ፣ ቀለበት ሠራሁ።
ካልተሰበረ ሸክላው ብዙ ነው ይላል መምሪያው፤ አልተሰበረም።
ኢዮስያስ ጣቴን አየና «ማን አጨሽ?» አለ፤ መልስ አልሰጠሁም።

«እናንተ ማን ትሏታላችሁ?» አሉኝ ኦቦ ነገዎ ከላይ።
«ቨርቲሶል» አልኩ።
ቃሉን አፋቸው ውስጥ አዙረው አዙረው ተፉት።
«እኛ ኮቲቻ ነው የምንላት።
ክረምት ጫማሽን ትቀማለች፣
በጋ የበሬ እግር ትሰብራለች፤
ግን መስከረም ሲወጣ ሽምብራ ጣይባትና ሂጂ፣
ጠብታ ሳትለምን ታበላሻለች።»

ከመንገዱ ማዶ ኤክስካቫተር ያችኑ አፈር ይዝቃል፤
ሲኖትራኩ ተሸክሞ ወንዙ ገደል ሲደፋት ይውላል፤
በምትኳ ከማላውቀው ተራራ ቀይ ገረጋንቲ ይመጣል።
ታላቅ ወንድሜ ምንተስኖት እዚያ ፎርማን ነው።
ማታ እራት ላይ «ምን ስትቆፍሪ ዋልሽ?» ሲለኝ ጥፍሬን አሳየሁት።
«እሷማ ታበላሻለች» አለ እንደጎረሰ፣
«ስትጠጣ ትነፋለች፣ ስትጠማ ትሸሻለች፤
ሦስት ሜትር ጠርገን ነው የምንጥላት።»

ታበላሻለች።
በአንድ ቀን፣ ከሁለት አፍ፣ አንዲት ቃል።
ላልታ ስትነበብ ሽምብራ፣
ጠብቃ ስትነበብ ኪሳራ።
አራት ዓመት የምማረው ይኼንኑ ይሆን እንዴ?
አፈሩም እኮ እንዲሁ ነው፤ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ አንዳንዴ
አንባቢውን ሳይጠይቅ።

የኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አለ።
እማዬ ሦስቴ በጄሶ ደፈነችው፤ ሦስቴም ተመልሶ በቀለ።
እኔ በማስመሪያ እለካዋለሁ፦
የካቲት ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር፣
ነሐሴ ላይ ፀጉር አያስገባም።
ከወለላችን በታች፣ ከምድር ቤቱ በታች፣
ተጠርጋለች የተባለችው በበጋ ትጠማለች።
«ሦስት ሜትር አልከኝ?» ብዬ ወንድሜን አየሁት።
ውኃ ጠጣ። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ
ምንም እንዳልቀረበት አረጋገጠ።

ጉድጓዱን ስንዘጋው ሕግ አለው፤ የታቹ ከታች፣ የላዩ ከላይ።
ኦቦ ነገዎ አካፋውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው መለሱት፣
ቀስ እያሉ፣ የተኛ ልጅ እንደሚያለብስ ሰው፤
ጨርሰውም ዳሩን በተረከዛቸው ጠቀጠቁት።
«ታዲያ ምን አላት ብለሽ ጻፍሽ?»
ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤
የማታውቀው ሰው ስለ ልጅህ ሲያወራ እንደሚነቀነቀው።

ሚያዝያ ላይ ለሁለተኛው ናሙና ተመለስን።
ጉድጓዳችን በነበረበት ልክ፣ መሐሉ ላይ፣
አናቱን ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል።
ኦቦ ነገዎ አልነበሩም። የሚጠየቅም ሰው አልነበረም።
አውቶብሱ ውስጥ ገብቼ የጥሩን ቅጽ አወጣሁ፤
«የመሬቱ አጠቃቀም» ከሚለው መስመር ፊት
ጣቴ ጭቃ እንደነካ፣ በሰያፍ፣ «ሽምብራ» ብያለሁ።
ውጭ የበልጉ ካፊያ ጀመረ፤ በተሰበረው መስኮት ገብቶ
ገጹን አረጠበው፤ ቃሏ ንቅንቅ አላለችም።

እርሳስ ካፊያ ይችላል።
ስለ ላጲስ ግን
ዶክተር ስንዱ ምንም አላሉንም።