የሌዳሞ አውራ ጣት

ሐሙስ ማለዳ፣ አሞራ ገደል፣ ጭጋጉ ከሐይቁ ሳይነሳ፣
ሌዳሞ ቢላውን ስሎ ተቀመጠ፣ ቅርፊት ሊልጥ፣ ሊያጸዳ ዓሣ።
አንዱ ቆሮሶ ግን፣ ሞቶም፣ የጀርባው እሾህ ቆሞ ነበር፤
ከአውራ ጣቱ ዘለቀ እንደ ወስፌ፣ ጫፉ ሥጋ ውስጥ ሊሰበር።
«ምንም አይደል» አለ፤ ጠባው፤ ተፋው፤ በሐይቁ ውሃ አለቀለቀው፤
ሃያ ዓሣ ይቀረዋል፤ የሆቴሉ ሰው ባጃጅ አስቁሞ ጠበቀው።

እሱስ ረሳው።
ሥጋው ግን አልረሳው።

በወስፌ ቀዳዳ፣ ከዝቃጩ ጋር፣ «ቤቶች!» እንኳ ሳይሉ፣
ዓይን የማያያቸው እንግዶች ገቡ፤
ሲገቡ ሺህ ነበሩ፤ ምሳ ሳይደርስ እልፍ አከሉ።
ከቆዳው ሥር ግን የማይተኛ ጎረቤት አለ፤ ጩኸቱ ድምፅ የለው፣ ሽታ፤
በደም ቦይ ሽቅብ ቁልቁል ነዛው፤ የቦዩም ግድግዳ ላላ፣ ተፈታ።
ነጮቹ በዚያ ሾለኩ፤ ትናንት ከአጥንት መቅን የተወለዱ፤
ዕድሜያቸው አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት፤ ሊመለሱ አይደለም የሄዱ።

አባ ኮዳን ታውቁታላችሁ፤ ያን ራሰ በራ፣ ያን የካፖርት ጌታ፣
በዓሣ አንጀት ላይ አጎንብሶ የሚውል ከንጋት እስከ ማታ።
ሰው ይጸየፈዋል። እሱ ባይኖር ግን
ዳርቻው በሦስት ቀን በከረፋ፤
የሐይቁም ስም በጠፋ።
እነዚያም እንዲሁ ናቸው፤ ደርሰው ወግ አያበዙም፤ ይከባሉ፤
ክንድ ሳይኖራቸው ያቅፋሉ፤ ጥርስ ሳይኖራቸው ይበላሉ።

ማታ ጣቱ ቀላ፤
ጋለ፤ አበጠ፤ ልቡ ከደረቱ ወርዶ ጣቱ ውስጥ መታ፤
ከብብቱም ሥር ንፍፊት ወጣ፣ የሚያህል ባቄላ።
እናቱ «ብርድ ነው» አለች። አጎቱ «ዐይን ነው» አለ።
ንፍፊቱ ግን ሸንጎ ነበር፤ አንድ መልእክተኛ እየዞረ፣
ከወራሪው ካባ የቀደደውን ቁራጭ እያሳየ፣
«ይህ በልኩ የሆነለት ማነው?» እያለ።
ከእልፍ አእላፍ መሐል አንድ ነበር፤ ጠላቱን ከቶ ሳያይ፣
ሳይለካ የተሰፋለት፤ ተራው እስኪደርስ በዝምታ የከረመ።
«እኔ ነኝ» አለ፤ ሁለት ሆነ፤ አራት፤
ሳምንት ሳይሞላ ሠራዊት ሆኖ ተመመ።

በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ መጣ፤ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤
ጓንቴን አጥልቄ፣ በስለት ጫፍ፣ ካበጠው ላይ ጠባብ በር ከፈትኩ።
መግሉ ወረደ።
«ኤጭ! ቆሻሻ!» ብሎ ፊቱን አዞረ።
«ቆሻሻስ አይደለም» አልኩት፤ «ይህ፣ አንተን ብሎ የቀረ።
ስም የላቸውም፤ ድንኳን አልተጣለላቸው፤ አልቃሽ አልቆመላቸው፤
በጎዝ ጠርጌ ባልዲ ውስጥ ልጥላቸው ነው፤ እስቲ አንዴ እያቸው።»
አየ። ላፍታ ዝም አለ።
ከዚያ «እህቴ፣ ሒሳቡ ስንት ነው?» አለ።

ስለ ራሴ አልነገርኩትም።
በጓንቱ ውስጥ ያሉት ጣቶቼ ማለዳ ማለዳ እሺ አይሉም፤
ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ የእኔ ዘቦች ጎረቤት ከሌባ አይለዩም።
ማንም ሳይገባ እሪ ይላሉ፤ የገዛ አንጓዬን ባዳ አድርገው
እሳት ይለቁበታል። ማንን ልክሰስ? ልክ ያጣው ታማኝነታቸው ነው።
በየእሁዱ ኪኒን እውጣለሁ፤ «ጥቂት አንቀላፉ፣ ጥቂት ብቻ» እላቸዋለሁ፤
ከተኙስ ማን ሊጠብቅ ብዬ፣ ማታ በሩን ሁለቴ አየዋለሁ።

ትናንት ከታቦር ቁልቁል ስመጣ አየሁት፤ ያው ቢላ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ዳር፤
ጓንት አልገዛም። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር።
ሐሙሱን ረስቶታል፤ ስቃዩንም፤ የእኔንም ስም።
ከብብቱ ሥር ግን አንድ አሮጌ ሕዋስ ተቀምጧል፤
ያችን የካባ ቁራጭ ከእጁ አይጥልም፤
ያው እንግዳ ዳግም ቢመጣ፣ ገና ከደጅ ሳለ፣
«አውቅሃለሁ» ሊለው።

መብራት እንጨቱ ላይ አባ ኮዳ ቆሞ
ቁልቁል ያያል፤ የሌዳሞን ቢላ በዓይኑ ይከተላል፤
አንዱ አንጀት እስኪወድቅ።