ጉርድ ፎቶ

ተከራዬ አድጎ ለቆ ሲሄድ ክፍሉን
በሩ ላይ ሰክቶት አገኘሁት ቁልፉን።
የሁለት ወር ኪራይ አልከፈለኝም፣
ደብዳቤም አልጻፈም።
የተወልኝ ፍራሽ፣ አንድ ሰማያዊ ባልዲ፣
አንድ የመስታወት ሣጥን፣ በሲሊኮን የተጣበቀ፣
ውስጡ ውሃ፣ ከውሃው ሥር አሸዋ፣
ከአሸዋው ላይ ደግሞ ጥቁር ነገር፣ ተደፍቶ የጠበቀ፣
ጢም ያለው።

ዓሣ ነው። እሱንስ አላጣሁትም።
የምን ዓሣ ነው ግን? ማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ሥራዬ ፊት ነው። አራዳ፣ ከፋርማሲው ጎን፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጉርድ ፎቶ ሳነሣ፣
ለመታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለዋስ፣
«ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ» ስል፣
ፊት አይቼ አገር እለያለሁ፣
ይሄ የጭልጋ፣
ያ የደባርቅ ደጋ፤
ብዙ ጊዜም አልስት።
የዚህን ግን ዞሬ ዞሬ ባየው
አፉ ሰፊ፣ ዓይኑ ጠባብ፣
አገሩን በምን ልለየው?

ይርሳው፣ ቅዳሜ ለቅዳሜ ከጎርጎራ ዓሣ የሚያመጣው፣
አጮልቆ አየና ከት ብሎ ሳቀ፦
«ይሄማ አምባዛ ነው! ጣና ሙሉ የሞላ፤
ለዚህ ነው ሰው የተጨነቀ?»
ጎረቤቴ መሪጌታ ፊታቸውን አጨፈገጉ፦
«ቅርፊት የለው፣ አይበላ፤ ምን ሊሆንሽ?»
አሉና ወጡ።
በማግሥቱ ግን መጡ፤
የማይበላውን ዓሣ ሩብ ሰዓት ቆመው አዩና
«ጢሙስ የእኔን ይመስላል» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ፎቶ ላነሣው አልሁ።
ከኋላው ነጭ አቡጀዲ ሰቀልሁ፣
«ቀና በል» አልሁት። ፊቱን አዞረ።
ጎኑን ሰጠኝ፣ ጭራውን ሰጠኝ፣ አሸዋ ቆፈረ።
ከአሥራ ሰባቱ አንዱን ብቻ፣
ሲያዛጋ መሰለኝ፣
ፊት ለፊት አየኝ።

ፎቶዎቹን ይዤ ማራኪ ወጣሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ድረስ።
ዶክተር ስማቸው መነጽሩን አበሰ፣
ያንን የምኮራበትን ፊት ለፊቱን ወደ ጎን ገፋና
የተበላሸውን አነሣ፣ ጀርባውን የሰጠኝን።
«አምባዛ አይደለም» አለ። «ጢሙን ተዪው፣
ስምንት ስምንት ነው የሁለቱም፤ ይልቅ ይሄን እዪው፦
የአምባዛ የጀርባ ክንፍ እስከ ጭራው ይዘልቃል፣
የዚህ አጭር ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣
ከኋላው ደግሞ ይቺ የሥጋ ጉብታ፣ አየሻት?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊት ስለቅም ኖሬ
መለያው ከጀርባ።

«በእኛ ስም የለውም፤ ወይፈን ራስ እንበለው።
አገሩ ባሕር ማዶ ነው።
ወንድማማች ናቸው፦ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቢጫ፤
የአገጩ ጢም ከነጣ ቢጫው ነው፣
ከጠቆረ ተመልሰሽ ነይ።»
ጎንደር በምን ገባ? አያውቅም።
«ብቻ ቀሃ ወንዝ እንዳትለቂው፣ አደራ!
እንግዳ ዓሣ ወንዝ ከገባ መላሽ የለውም።»

ማታ አገጩን ላየው ስል መብራት ጠፋ።
ሻማ ለኮስሁ። በሻማ ሁሉም ነገር ቢጫ፣
ጣቴ ቢጫ፣ ግድግዳው ቢጫ፣
ይንጣ ይጥቆር በምን ልወቅ?
አየር የሚነፋለት ሞተርም ዝም አለ።
ዓሣው ሽቅብ ወጣ፣ አፉን ከፈተ።

ያኔ ትዝ አለኝ የአድጎ ድምፅ፣ በግድግዳው በኩል፦
መብራት በጠፋ ሌሊት ሁሉ
ውሃ በኩባያ ቀድቶ፣ ከፍ አድርጎ ሲያንቆረቁር፣
«ይህ ልጅ በውድቅት ምን ያጥባል?» እያልሁ ስማረር።
አገሩን አልጠየቅሁትም።
አገር ምድሩን ያነሣሁ ሴት
እሱን አንድ ቀን አላነሣሁትም።

ኩባያ ፈለግሁ። ቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ አፈሰስሁ።
ቀዳሁ፣ አፈሰስሁ።
ሁለት መቶ ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ከአንድ ጀመርሁ።
አዲሷ ተከራይ ግድግዳውን ደበደበች፦
«እትዬ ዘርፌ፣ በዚህ ሌሊት ምን ያጥባሉ?»

ምን ልበላት?
ቀዳሁ።