ኮከብ እንኳ የሌለው የይለፍ ቃል

ከማዘጋጃው ጀርባ፣ ሁለት በሁለት ክፍል፤
የንግድ ፈቃዴን በመስታወት ስሰቅል
ሕጋዊ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር፤
ግብሬን በጊዜው ስከፍል፣ ሳንቲሙን ስቆጥር።
ክፍሌ መስኮት የላት፤ የነበረኝ መስኮት
ኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ ስሙን እንዲያ ያሉት፤
በሃምሳ ብር የገዛሁት፣ ከመናኸሪያው በር፣
ሲዲ ከሚሸጥ ልጅ፣ ከነቁልፍ ቁጥር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ጠቆረ፤
ማዕዘኑ ላይ አንዲት መስመር ቀረቀረ።
ጋሽ ወራሳ፣ ጡረተኛው መምህር፣
እንግሊዝኛውን ተርጉመው አነበቡልኝ፦
«እውነተኛ አይደለም ይላል።»
መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣
«ስለ ማን ነው፣ ልጄ?»
ስለ ማሽኑ ነው አልኩ።
ጆሮዬ ግን ጋለ።

ከዚያ ደግሞ ፍላሹ፣ ቀበሌ ለቀበሌ የዞረ፣
ፎልደሬን ሁሉ ወደ አቋራጭ ቀየረ፤
ብነካው ብነካው፣ የትም የማያደርስ አቋራጭ።

ካያሞ ነው ያመጣው፣ የእህቴ ልጅ፤
«ሊኑክስ ይባላል፤ ነጻ ነው፣ አክስቴ።»
ነጻ ነገር እፈራለሁ አልኩት፤
አሞራ ገደል ዓሣ በነጻ የሚሰጥህ
ሲሸት ነው።
ሳቀ፤ ወፍ አሳየኝ፣ አጭር፣ ሆደ ነጭ፣
ክንፍ እያለው የማይበር፣ በረዶ ላይ የሚቀመጥ።
እኔ የማውቀው ወፍ አባ ኮዳን ነው፣
ራሰ በራውን ሽማግሌ፣
ከአጥማጁ ቢላ ሥር ቆሞ አንጀት የሚጠብቅ።

ሲጫን «የኮምፒውተሩ ስም?» አለ።
አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንውል
ስም እንዳላወጣሁለት ያኔ ትዝ አለኝ።
«ጥቁር ውሃ» ብዬ ጻፍኩ።
ካያሞ ያን የትእዛዝ ሰሌዳ ሲከፍተው
እውነትም ጥቁር ውሃ፤ ቃል ትጥልበታለህ፣
ቆይቶ ከሥር የሆነ ነገር ይንሳፈፋል።

የይለፍ ቃል አስገቢ አለኝ።
መታሁ። ምንም የለም።
ነጥብ እንኳ፣ ኮከብ እንኳ።
ቁልፉ ሞተ ብዬ ደግሜ መታሁት፣
የማይታይ መጻፍ አልለመደም ጣቴ።
«ፈቃድ የለሽም» አለኝ፣ በገዛ ቤቴ!
ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤
ፈቃዴ ተሰቅሏል፣ ከነማኅተሙ፣ ከነጉርድ ፎቶዬ።

ይሄስ ቀላል ነበር። የከፋው ሌላ ነው፦
የሰው አደራ፣ የውክልና፣ የፍቺ፣ የኪራይ ውል፣
አንድ በአንድ ስከፍተው ሌላ ነገር ሆኗል፤
ቀንድ ያለው፣ ጭራ ያለው፣ የማይነበብ ጭረት።
የድሮው ፊደሌ ከድሮው ፕሮግራም ጋር ቀረ።
ወንበሬን ገፍቼ እስከ ሐይቁ ሄድኩ።
ለካ አማርኛዬም
የኪራይ ነበረ።

ካያሞ ሌሊቱን መቀየሪያ ፈልጎ አመጣ፤
ግማሹ ዳነ። ግማሹን እንደገና ጻፍኩት፣
ለ«ሠ» ሁለቴ እየመታሁ፣
«ቀ» የት እንደገባች ከሰሌዳው እየጠየቅሁ፣
አዲስ ሰፈር ሱቅ እንደተላከ ሕፃን።
ፕሪንተሩ ሦስት ቀን አኮረፈ፤
በአራተኛው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣
ያላዘዝኩትን ገጽ ተፋ።
አላመሰገንኩትም፤ ትናንት የለመንኩት ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጋሽ ወራሳ መጡ፣
የአጥር ክርክር፣ ሁለት ገጽ ማመልከቻ።
አይጧን ይዤ እጄ አሁንም ወደ ታች፣
ወደ ግራ ማዕዘን ይወርዳል፣ የሌለ በር ፍለጋ፤
አቶቴን የለቀቀ ሰው፣ ሐሳብ ሲይዘው፣
ማታ ወደ አቶቴ እንደሚታጠፍ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው
«ፊደሉ ጎላ ብሏል» አሉ።
ከፈሉ። ጥላቸውን ረስተው ወጡ።
ስለ መስኮቱ አልጠየቁም።

ልዘጋ ስል ያንን ቃል መታሁ።
ምንም አልታየም።
አልደገምኩትም።