ወራጅ አለ

ሙትራህ፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣
ጥቁሩ ዓለት ባሕሩን ጥሎ ሽቅብ ሲገባ፣
አንድ አሮጌ አሳንሰር አለ፤
ከቦምቤ በመርከብ የመጣ፣ ስንት ዘመን ዝገት የቻለ፣
ታች ሰፈርን ከላይ ሰፈር በገመድ ያንጠለጠለ።

ሁለት ሣጥን ነው፣ ባንድ ገመድ ግራና ቀኝ፤
«አንዱ ካልወረደ አንዱ አይወጣም» አለኝ
ዲልሙራድ፣ ባሉቹ ሽማግሌ፣ በሩን ከፋቹ፤
እሱም እኔም በሰው ቋንቋ፣ ዓረብኛ ሰባሪዎቹ።
«ሞተሩ ያባብላል እንጂ ጉልበቱስ ከሰው ነው፤
አንቺን የሚያወጣሽ፣ በወዲያ ሣጥን የሚወርደው።»

የኔ ሥራ ላይ ሰፈር ነው፤ ሰባት ክፍል፣ አራት ልጅ፣ አንድ ድመት።
ጧት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ዓሣ ልገዛ ስወርድበት፣
ሃምሳ ባይሳ ከፍዬ፣ አንድ ደቂቃ ከምናምን
ቆሜ አርፋለሁ። ያን ሰዓት ማንም አይጠራኝም፤
ስሙ አሳንሰር ይሁን እንጂ፣ እኔን ግን አላሳነሰኝም።

እሷን ያየኋት መሃል ላይ ነው፣ ሣጥኖቹ ሲተላለፉ፤
በሁለት መስታወት መሃል፣ ሦስት ሰከንድ ነው ማለፉ።
ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ባልዲ፣ መወልወያ፤
በሻሿ አስተሳሰር አወቅኳት፤ እንዲያ ያለ ቋጠሮ ከኛ ወዲያ
የትም አይታሰርም።
የላይ ሰፈር ክሊኒክ ልታጥብ ትወጣለች፤ እኔ እወርዳለሁ፤
ዲልሙራድ እውነት ካለው፣ በመውረዴ እሷን አነሣለሁ።

በአራተኛው ቀን መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤
በእስክሪብቶ፣ አንዲት ፊደል ጽፋለች፦
«የ»።
የማን? አልኩ ቀኑን ሙሉ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፤ የማን?
በማግሥቱ «ሺ»። የሺ! በቃ፣ አገኘሁት ስሟን።
በሦስተኛው «መ» ጨመረች። ዓርብ ሆነ፣ አሳንሰሩ ጾመ፤
ቅዳሜ «ቤ»፣ እሑድ «ት»፤ ስሟ በእግሩ ቆመ።
የሺመቤት! የሺዎች እመቤት፣ ባልዲ ያንጠለጠለች፤
የኔን «መ»፣ «ዲ»፣ «ና» በሦስት ጧት አነበበች።

ከዚያ በቀን አንድ ቃል ሆነ ወጋችን።
«ደሞዝ?» «ነገ።» ያ ነገ ስንቴ ነጋብን።
«ልጅ?» ስላት፣ ሁለት ጣት፤
«እናት?» ስትለኝ፣ መዳፌን ወደ መሬት ደፋሁላት።
ዘይት እጄን የላጠኝ ሰሞን ባዶውን አሳየኋት፤
ቁስሉን አነበበችው። በማግሥቱ መዳፏ ላይ፦ «እሬት»።

ነሐሴ ላይ መብራት ሄደ።
የወጣም አልወጣ፣ የወረደም አልወረደ፤
ሁለቱ ሣጥን፣ ልክ መሃል፣ ፊት ለፊት ተገተሩ።
አንዲት አሮጊት ዱዓ ጀመረች፤
የልብስ ሰፊው ጣቃዎች ወለሉ ላይ ተዘረሩ።
ዲልሙራድ ብረቱን በጣቱ ቆርቁሮ፣
«እኩል ስትሆኑ እንዲህ ነው» አለ፤ «እኩል አይንቀሳቀስም።»

አርባ ደቂቃ! በሦስት በሦስት ሰከንድ ብመነዝረው
ስምንት መቶ ጧት ነው።
ስንት አጠራቅሜ ነበር! ስለ ኮንትራቷ፣ ስለ ልጆቿ፣
ስለዚያ የሻሽ ቋጠሮ፣ ማን እንዳስተማራት።
እስክሪብቶ የለኝም። እሷም ኪሷን ዳበሰች፣
ሳቀች፤ ሳቅኩ፤ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች፣
እንደ ቆመች አንቀላፋች።
ስምንት መቶውን ጧት ተኛችበት።
እኔም ዘብ ቆምኩላት፣ ዐይኔን ሳልነቅል።
መብራት ሲመጣ አልነቃችም። ተኝታ ወጣች ወደ ላይ፤
እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ወርጄ አላውቅም፣
እንዳትነቃ ብዬ።

መስከረም ጠባ። ባልዲው አለ፤ ዩኒፎርሙ አለ፤ ሴቲቱ ሌላ።
ከኔፓል ናት አሉ፣ ልጅ እግር።
«የሺስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ዲልሙራድ ትከሻውን ሰበቀ፤
«ሚዛኑ ግን አልጎደለም» አለኝ።
መሃል ስንደርስ፣ እንደ ደሴ ታክሲ፣
«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ።
ያ ቃል በዚህ ገመድ አይሠራም፤
አሮጌው ብረት ቁልቁል መንገዱን ቀጠለ።

በማግሥቱ መዳፌ ላይ «የ» ጽፌ ለጠፍኩት፤
ለማን እንደሆነ እንጃ።
ልጅቷ አየችኝ። ሦስት ሰከንድ።
በነጋታው እሷም እጇን አነሣች፤
የኔው «የ»፣ እግሩ ወደ ግራ የዞረ፣
እንደ መስታወት ተገልብጦ የተጻፈ።