አሥር ሰዓት ከሩብ

ደቻቱ አልመጣም፣ አሸዋው ተኝቷል፤
ከድልድዩ ጥላ ግመል ያመሰኳል።
ሐዲዱ ተነቅሎ ሳንቃ ተደርድሯል፤
ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣
ባጃጃቸው አበባ ለብሶ ይጠብቃል።

እኔ የመጣሁት ከሮብሌ ጋራ ነው፤
አባቴን ያህላል፣ ግን ድሬ ነውና አንቱ አልለውም።
ሠላሳ አንድ ዓመት መዶሻ አንግቶ
በዚህች መስመር ላይ ቡሎን ሲያናግር የኖረ።
«ደህናው ይጮኻል፣ የታመመው ዝም ይላል» ይለኛል፣
በከዘራው ጫፍ ሳንቃውን እየቆረቆረ።
ቆም ብሎ ያዳምጣል።
«ይሄ እንጨት ባዳ ነው፤ ምንም አያወራ።»

መኻሉ ላይ ስንደርስ ክንዴን ጨመደደኝ፣
ጎትቶ ከአጥሩ ጋር አጣበቀኝ፣
የመስመር ሠራተኛ
ባቡር እስኪያልፍ ከሚጠለልባት ጠባብ በረንዳ።
«የጅቡቲው!» አለ። «አሥር ሰዓት ከሩብ!»
ባርኔጣውን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ትንፋሹን ዋጠ።
እኔም፣ ምን ላድርግ፣
ዋጥኩ።

ከከዚራ በኩል ነፋስ ብቻ መጣ፤
የሙሽሪትን ዓይነ ርግብ ገለበጠ፣
አቧራውን በላያችን በትኖ
ወደ መጋላ ወረደ።
ሮብሌ ጣቶቹን እያጠፈ ፉርጎ ይቆጥራል።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ፍየል፣
የካርቶን ቁራጭ አፏ ላይ እንዳንጠለጠለች፣
በሳንቃው መኻል ለመኻል
ሳትቸኩል የመጣችው፤
አጠገባችን ደርሳ አየችን፣ አለፈች።

«ዘጠኝ» አለ ዓይኑን ሲገልጥ። «ዛሬ ሁለት ጎድሎታል።»
«አልፏል?» አልኩት።
«አሁን አልፏል።»

የፍየሏን ነገር
አልነገርኩትም።