ሰባ ከመቶ

መኪና ግርግር፣ ዳገቱ ላይ፣ ከሱቄ ደፍ ቁጭ ብዬ፣
ከሆስፒታል የሰጡኝን ወረቀት ጭኔ ላይ ጥዬ፣
መነጽሬን ወልውዬ፣
አነብባለሁ ደግሜ፤
«ሰባ ከመቶ» ይላል፣ ከፊቱ ተጽፏል ስሜ።

መጀመሪያ ሳየው ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።
ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ መርፌ ነው ያሳደገኝ፤
ሰባ ለእኔ ማለፊያ ነው።
«አለፍኩ፣ ሙኒራ!» ብዬ ገና ሳልጨርሰው
ዶክተር ሲፈን ሳቋን ዋጠች፤
«አባባ» አለች፣
«ሰባው የተዘጋው ነው።
ማለፊያው ሠላሳ ነው።»

ነገሩ የጀመረኝ ረመዳን ሳይገባ ነው፤
ከሸዋ በር ሽቅብ ስወጣ፣ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ፣
የከሰል ካውያ፣ እንደጋለ፣
ደረቴ ላይ ያሳረፉብኝ መሰለኝ።
ስቆም ይለቃል። ስሄድ ይመለሳል።
ጨጓራ ነው ብዬ ጥቁር አዝሙድ በማር ዋጥኩ፤
ሰው እንዳያውቅብኝ ደግሞ ዳገቱን ለሦስት ከፍዬ
በየደጁ ሰላምታ እያስረዘምኩ ቆምኩ።
«ምነው ሰሞኑን ሰው ወደድክ?» አሉኝ ጎረቤቶቼ።

ከዚያ ምርመራው።
ደረቴን በሽቦ አጥምደው መኪናው ወረቀት ሲተፋ
አየሁት፤ ስፌት ነው። ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፣ ደህና ዚግዛግ፤
አምሳ ዓመት ስፌት ላይ ላፈጠጠ ዓይን ግን
አንድ ቦታ ላይ ክሩ ላልቷል።
ቀጥሎ በማያደርስ መንገድ አስኬዱኝ፣
ከእግሬ ሥር እየሸሸ፤
በአምስተኛው ደቂቃ «ይብቃ» አሉ።
በመጨረሻ አዲስ አበባ ላኩኝ፤
በእጄ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ቀለም ለቀቁብኝ፣
ልቤንም በቴሌቪዥን አሳዩኝ፦
ለገላ ሁሉ ደም የሚቀዳ፣ ለራሱ ግን
በቀጫጭን ክር የሚጠጣ ምስኪን።
አንደኛው ክር መሐሉ ላይ ታንቋል።

ዶክተር ሲፈን ከወረቀቱ ጀርባ ሣለችልኝ።
አንደኛው መንገድ ኪኒን ነው፦ ደም እንዳይረጋ፣ ቅባት እንዲወርድ፣
ከምላስ ሥር የሚደረግም ለክፉ ቀን፤
እርምጃ፣ ጨው መቀነስ፣
«ጫቱንም» አለች ወደ ሌላ እያየች፤
እኔም ወደ ሌላ አየሁ።
ሁለተኛው የሽቦ እጅጌ ነው፣
ከጠበበው ገብቶ ወጥሮ የሚይዝ።
ሦስተኛው ደረት ተከፍቶ፣
ከእግር ላይ የደም ሥር ተቆርጦ፣
የተዘጋውን አሻግሮ ይሰፋል።

እዚህ ላይ ሳቅኩ።
«ልጄ፣ ይኼን እኔ ነኝ የማስተምርሽ፤
ከግርጌ እጥፋት ቆርጬ ስንቱን ክርን ጣፍኩ!»

ቶፊቅ ከድሬዳዋ ደወለ፤ «ባጃጁን ልሽጥ፣ ሽቦው ዛሬ ይግባ።»
ሙኒራ ቢላዋ የሚባል ነገር እንዳይነሣባት ማለች።
ጎረቤቴ ሸዋንግዛው ጸበል ላምጣልህ አለ፣
ልብ ሃይማኖት አይለይም ብሎ።
እኔ ግን ሙያ ያስተማረኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ፤
አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ።
ጠየቅኳት፤ «አባትሽ ቢሆንስ?»

ቶሎ አልመለሰችም። ደስ ያለኝ እሱ ነው።
«ዋናው ክር ክፍት ነው» አለች፣
«ሕመሙም ዳገት ላይ እንጂ ተኝተው አይመጣም።
ሽቦው ሕመሙን ያቀልላል፤
ዕድሜ እቀጥላለሁ ብሎ ግን አይምልም።
በኪኒን እንጀምር። ካልበቃ እንጨምራለን።
ቁጭ ብለው ካመመዎት ግን
ንጋትን አይጠብቁ።»

ይቺን ልጅ አውቃታለሁ።
አንደኛ ክፍል ስትገባ ዩኒፎርሟን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣
ታድጋለች ብዬ አራት ጣት እጥፋት ትቼ፤
አባቷ በየዓመቱ እያመጣ ያስለቅቀው ነበር።
እሷ አታስታውስም።
እንግዲህ ሠላሳው የእኔ እጥፋት ነው።

ዛሬ ጠዋት ዳገቱን ወጣሁ።
ኪኒኑ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከጠመኔው ጋር።
ሦስቱም ቦታ ቆምኩ።
ሦስተኛው ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ዘህራ
«ደግሞ ሰው ናፈቀህ?» አለችኝ።
«የለም» አልኳት፣
«ልቤ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው።
እስኪደርስ ልጠብቀው።»